የአማቼን ወሬ ፍለጋ ወደ ጄኔቫ

ከሰፈራችን ከሽዋመንዲንገን በትራም ወደ ዙሪክ ባቡር ጣቢያ የወረድነው ገና ሳይነጋ ነው። የምንሄደው የልጄን የሄለንን ባል፣ የሬዛን ወሬ ፍለጋ ነው። ሬዛ ኢራን ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሰው ነው። እናቱን ሊቀብር ቴህራን ሄዶ እዚያው ታሰረ፤ ዓመት አልፎታል። ጠበቃው፣ «ኢራንና አሜሪካ ጄኔቫ ሲነጋገሩ የእስረኞች ነገር ሊነሳ ይችላል። እናንተ ግን ድምፅ አታሰሙ፤ ይጎዳዋል» ብሎናል።

ሄለን የሬዛን ወፍራም ካፖርት ታቅፋለች።

«ዛሬ የሚለቁት መሰለሽ እንዴ?»

«ብርድ ነው እማዬ። ምን ይታወቃል።»

ባቡሩ ሞቃት ነው። ሃልብታክስ የሚሉት የቅናሽ ካርድ ባይኖረን ዋጋው አይቀመስም ነበር። እስከ በርን ከተማ ሜዳው በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ከሎዛን በኋላ ሐይቁ አመድ መስሎ ተዘረጋ። የቋጠርኩትን ዳቦና እንቁላል ሄለን አልነካችውም።

ሆቴሉ በር

ጄኔቫ ስንደርስ ፖሊሶች ንግግሩ ወደሚካሄድበት ሆቴል የሚወስደውን መንገድ በብረት አጥረውታል። ሆቴሉ ውስጥ ክፍል የምታጸዳው ያገሬ ልጅ እታፈራሁ ከሰዓት በኋላ ሥራ ጨርሳ መጣች።

«አንደኞቹ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሌሎቹ አምስተኛ ናቸው እትዬ። አስታራቂው ወረቀት ይዞ ሲመላለስ ዋለ። የደከመው ሊፍቱ ነው!»

«እኛም አገር ሽማግሌ እንዲህ ይመላለሳል» አልኳት።

«የኛዎቹስ መጨረሻ ላይ ያሳስማሉ። እነዚህ ጭራሽ አልተያዩም።»

አመሻሽ ላይ ጥቁር መኪና ወጣ። የጠበቃው ምክር ከጭንቅላቴ ጠፋ። ባገራችን ትልቅ ሰው ሲያልፍ እንደሚደረገው አስፋልቱ ላይ ተንበርክኬ፣ «አቤት! አቤት!» ብዬ ጮኽኩ። ፖሊስ ክንዴን ያዘኝ።

«ተነሺ እማዬ! እዚህ እንዲህ አይደረግም!»

መኪናው ቆመ። አንድ ሽበታም ሰው መስኮቱን አወረደ። ሄለን ከባሏ በተማረችው ፋርሲ አናገረችው። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መለሰላትና ሄደ።

«ምን አለ?»

«ባለሥልጣን አይደለም። አስተርጓሚ ነው።»

«ታዲያ ሰምቷላ! ስለ ሬዛ ምን አሉ?»

«ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ዋለ እማዬ። ማንም አልጠራውም።»

መልስ

ባቡሩ ውስጥ «ጩኸቴ ጎድቶት ይሆን?» እያልኩ እጄን ሳፍተለትል መጣሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዜና «ንግግር ተጀመረ» ሲባል ሰዎቹ የሚነጋገሩ ይመስለኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ ሄለን ካፖርቱን አራግፋ በሩ ጀርባ ሰቀለችው።

«ሁለተኛ ስንሄድ እንዳትጮኺ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።