መስኮት የሚዘጉ ጠያቂዎች

ሳሉ ሁለት ወር ሲሞላው፣ ከማስተምርበት ከአምበር ፈቃድ ወስጄ ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት ገባሁ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ አክታ ሰጠሁና የሳንባ ቲቢ ተባልኩ። ነርሷ የስድስት ወር ክኒን አስጀመረችኝ፤ ሽንቴ ብርቱካናማ ቢሆን እንዳልደነግጥም ነገረችኝ። «ለጊዜው ማስክ አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ሕፃን አታስጠጊ፤ የቤት ሰውም ይመርመር» አለች። እሺ ብዬ ወጣሁ። ክኒን መዋጥ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ሰው ፊት መናገር ነው፤ ባጃጅ ውስጥ «እዚህ ጋ አውርደኝ» ማለት አፍሬ፣ ቤታችንን አልፌ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ።

እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ብርድ መቷት ነው» ብላ አውጃለች። ብርድ የመታውን ሰው ሰፈራችን የሚያክመው ዙሪያውን ከቦ በመቀመጥና መስኮት በመዝጋት ነው። እኔ እከፍታለሁ፤ የገባው ሁሉ «ኧረ ይቺን ልጅ ንፋስ ሊጨርሳት ነው!» እያለ ይዘጋል። አንዷማ የመስኮቱን ስንጥቅ ሳይቀር በጨርቅ ወተፈችው።

በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባታችን መጥተው በሩ ጥግ ተቀመጡ። ወዲያው ጎረቤታችን ክርስትና ከተነሳ ሳምንት ያልሞላው ልጇን ታቅፋ ገባች።

«እትዬ፣ አያስጠጉት» አልኩ በማስኬ ውስጥ። ማንም አልሰማኝም።

«ምን ታፍነሻል? ኮሮና አለፈ እኮ! በይ ሳሚው፣ ልብሽ ይጠገን» ብላ ልጁን ወደ አልጋዬ ዘረጋችው።

«ቲቢ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ብርድ አይደለም፣ የሳንባ ቲቢ ነው! በትንፋሽ ይተላለፋል። ልጁን ያውጡልኝ፣ መስኮቱንም ክፈቱት!»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጎረቤታችን ልጁን ይዛ በረረች። አለቀልኝ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሊሸሸኝ ነው ስል፣ ልጁን ቤቷ አስተኝታ መስኮቱን ከውጭ ከፍታ ብቅ አለች።

«መድኃኒት ጀምረሻል?»

«ጀምሬያለሁ።»

«ያድናል?»

«ካላቋረጥኩት ያድናል።»

«ታዲያ ይህን ቀድመሽ አትናገሪም? ይኸን የመሰለ ጉሮሮ እያለሽ!»

አባ ከወንበራቸው አልተነሱም። እናቴና ጎረቤታችን በመስኮት ወሬ እስኪጀምሩ ጠብቀው፣ «ሳሉ ሲጀምርሽ እንዴት አድርጎ ነበር?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ምነው አባ?»

«እኔንም ጾሙ ሳይገባ ጀምሮ ያስለኛል። ምች ነው ብዬ ዳማከሴ ስጠጣ ከረምኩ።»

«እንግዲያው ነገውኑ ይመርመሩ።»

«አክታ ሲሰጡ ሰው ያያል?»

«ማንም አያይዎትም፣ ከጓሮ በኩል ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ክኒኔን ልወስድ ጤና ጣቢያ ስሄድ አባ ቀድመውኛል። የአክታ ዕቃዋን በሁለት እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው ጓሮ ቆመዋል። ልሳለም ጎንበስ ስል መስቀሉን ማውጣት አልቻሉም፤ በአገጫቸው ባረኩኝ።