ባሌ ዐጋሚምን በሥዕል እንደያዛት

ባሌን ጥሩነህን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በዝምታው ነው። እኔ ዓይናዲስ ግን ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁና ልንገራችሁ፤ ዝም የሚለው የሚናገረው አጥቶ አይደለም፣ እልኸኛ ስለሆነ ነው። በሱዳን በኩል ወደዚህ ወደ ቅድስት አገር ሲመጣ ጎረምሳ ነበር። ትምህርት ቤት ሳይገባ ፋብሪካ ገባ። ዕብራይስጡን አፉ ለመደው፤ ዓይኑ ግን ከፊደሉ ጋር ሳይተዋወቅ ቀረ።

በፈረንጆቹ 2015 ፋብሪካው ተዘጋ። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ማን ይቀጥራል? ሰባት ወር ሙሉ በየቢሮው ዞረ። “እንደውልልሃለን” ይሉታል፣ የሚደውል የለም። “ሥራ እንዴት ነው?” ብለው እንዳይጠይቁት ምኵራብ መሄድ እንኳ ተወ። እኔን ያንገበገበኝ ያ ነው። በመጨረሻ ለበሽተኞች መድኃኒት በየቤታቸው የሚያደርስ አንድ ትንሽ ድርጅት ለሦስት ወር ሙከራ ወሰደው፤ ኦፍኖዓ፣ ሞተር ብስክሌቱን ማለቴ ነው፣ መንዳት ይችላላ! አለቃው ቶመር የልጃችን የኦዲያ እኩያ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ፈላ። ዐጋሚም በሚባለው አዲስ ሰፈር፣ አዳዲሶቹ ፎቆች መሀል መንገድ ጠፋበትና ለቶመር ደወለ። ከኋላው ያለው መኪና ጥሩንባ ይነፋበታል፣ እሱ ደንግጧል። ዕብራይስጡ ከአፉ ጠፋና በአማርኛ “ቀኝ?” አለው። ቶመር ደግሞ “ኬን?” ያለው መስሎት “ኬን፣ ኬን!” ብሎ መለሰለት። ኬን በነሱ ቋንቋ “አዎ” ማለት ነው። የኔው ጌታ መታጠፊያ በደረሰ ቁጥር “ቀኝ?” ይላል፣ ያኛው “ኬን!” ይላል። እንዲህ ሲሉ ሲሉ ሰውየው ከከተማ ወጥቶ ሌላ ከተማ፣ ቃዲማ ዞራን ገባላችሁ! መድኃኒቱ ሁለት ሰዓት ዘገየ። ቶመርም “አንድ ጊዜ ምሬሃለሁ። ሁለተኛ ከጠፋህ እንለያያለን” አለው።

በማግስቱ ጥሩነህ ሳሙና የሚያህል ነገር ይዞ መጣ። ገበያው አጠገብ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ያገኘው፣ ተራራ የሚወጡ ሰዎች በእጃቸው የሚይዙት መንገድ ጠቋሚ፣ ጂፒኤስ ነው። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የጉርድ ቀሚሴን ላስቲክ መዝዞ ከኦፍኖዓው መሪ ላይ አሰረው! ቀሚሴን ሳነሣ ወገቡ እጄ ላይ ተዘረገፈ። የተናገርኩትን አልደግመውም፣ ነውር ነው።

“አባ፣ ሰው ሁሉ እኮ በስልኩ ነው የሚሄደው” ብላ ኦዲያ ሳቀች።

“ስልኩ ጻፍ ይለኛል” አላት። “ይሄ ሥዕል አለው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቁልፉን ሲጫን መሣሪያው ቦታውን ይይዛል፤ እሱ ከተደረደሩት ሥዕሎች አንዱን ይመርጥለታል። ሌላ ቀን ያንን ሥዕል ሲነካ ቀስት ይወጣና በዚህ በኩል፣ ይህን ያህል ሜትር ይለዋል። ፊደል አያስፈልግም። ከሥራ መልስ ፀሐይ እስክትጠልቅ ዐጋሚምን ይዞር ጀመር። ገና የሚሠራውን ሕንፃ ሳይቀር፣ የመንገዱን ስም ከዘበኞቹ እየጠየቀ በቃሉ ያዘ። ለአንዱ ዓሣ፣ ለአንዱ ድንኳን፣ ለአንዱ መልህቅ ሰጠ። ኦፍኖዓህን ከዚህ አንሣ ብላ አንዲት ሴትዮ የጮኸችበትን ፎቅ ደግሞ የራስ ቅል አደረገው። ዝም ይላል እንጂ ቂም አይረሳም።

“ሰው ያልገባበት ፎቅ ምን ይሠራልሃል? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!” አልኩት።

“ይገቡበታል” አለኝ። በቃ፣ መልሱ ይችው ናት።

ሙከራው ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በክረምቱ፣ በዕለተ ዓርብ፣ ከበረዶ ጋር የታሸገ መርፌ ዐጋሚም ላሉ አንዲት አሮጊት መድረስ ነበረበት። አብረውት የሚሠሩት ወጣቶች ኖአምና ኤሊያድ ተራ በተራ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ መንገዱ አዲስ ነው፣ ስልካቸው አሸዋ ክምር ላይ ወስዶ ይጥላቸዋል። የአሮጊቷ ልጅ በስልክ ታለቅሳለች። ሰንበት ሊገባ፣ መንዳት ሊቆም ሃምሳ ደቂቃ ቀርቷል። ቢሮው ውስጥ ሳይሞክር የቀረው ጥሩነህ ብቻ ነው። ቢጠፋ ሥራው አበቃ።

ይሄን ኋላ የነገረኝ ራሱ ቶመር ነው። አድራሻውን ሲያነብለት ጥሩነህ “እሱማ ባለ መልህቁ ነው” አለና ራስ ቁሩን ደፍቶ ወጣ። ቶመር ምን እንዳለ አልገባውም፤ ሰዓቱን እያየ ጥፍሩን ይበላል። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ልጅቱ ደወለች። “መጣ! መርፌው መጣ!” አለችው። ሕንፃው ላይ ቁጥር እንኳ አልተለጠፈም ነበር።

እኔ ገና የሰንበቱን ሻማ ሳላበራ የኦፍኖዓውን ድምፅ ከታች ሰማሁት። ደረጃውን ወጥቶ የሆነውን በሁለት ቃል ሲነግረኝ እልልታዬን አቀለጥኩት። እሰይ! እሰይ የኔ አንበሳ! ጎረቤታችን ሙኒት ልጅ የዳርን መስሏት በሯን ከፍታ “ማንን ነው?” አለች። “ባሌን!” አልኳት።

እሑድ፣ የሥራው ሳምንት ሲጀምር፣ ቶመር አስቀምጦ ቋሚ አድርጎ አስፈረመው። ኖአምንና ኤሊያድንም ይዞ ዐጋሚምን እንዲያሳያቸው ጠየቀው። ማታ ሰማያዊ የሥራ ጃኬት ለብሶ ገባ። ደረቱ ላይ የተጻፈውን ኦዲያ አነበበችለት፤ “ጥሩነህ፣ የመንገድ ኃላፊ።”

“እስቲ ድገሚልኝ” አላት። ደገመችለት። ሦስተኛም አስነበባት።

እራት ቀርቦ ጃኬቱን አያወልቅም። ማሞቂያው እየነደደ ነው፣ ግንባሩ አልቦታል። “ኧረ አውልቀው፣ ትቀቀላለህ!” አልኩት።

“ተይኝ አንቺ” አለኝ፤ “ገና ዛሬ ለበስኩት እኮ።”