አንድ ገመድ ለሁለት ጠበኛ

ጉልቤ አርባ ዓመት እስኪሞላው የት የት እንደሠራ ብትጠይቁት ግማሹን ረስቶታል፤ እነማንን እንደደበደበ ግን አንድ ሳይቀር ይነግራችኋል። ከእንጨት መሰንጠቂያው የአንዱን ክንድ ሰብሮ ወጣ። ከጫኝና አውራጆቹ ደግሞ የራሱን አፍንጫ አሰብሮ ወጣ። ሁልጊዜ ያው ነው፤ ይጣላል፣ ልብሱን ይሸክፋል፣ እግሬ አውጪኝ ይላል። ሌላ ቦታ ሄዶም እንደገና ይጣላል።

ክፉ ሰው ነው እንዳትሉ። እህቱ ቤቷ ውስጥ በሰጠችው ጠባብ ክፍል አልጋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ላገኘው ሰው አንጀት ይበላ ነበር። ሰው ይርበዋል። ከሰው ጋር መኖር ግን በየት በኩል እንደሚጀመር ማንም አላሳየውም።

«አንተን እኮ የሚችልህ በሬ ብቻ ነው» አለችው እህቱ አንድ ቀን። «ለምን ቄራ አትገባም?»

እሷ ለቀልድ ነው የተናገረችው። እሱ የምሩን ሄደና ተቀጠረ።

ቄራው ውስጥ ሥራው እንዲህ ነው። በኮርማው ቀንዶች ላይ አንድ ረጅም ገመድ ይጠመጠማል። ሁለት ሰዎች ሁለቱን ጫፎች ይዘው ግራና ቀኝ ይወጥራሉ፤ ኮርማው መሃል ላይ እንደቆመ ሽማግሌው አራጅ በካራው ይጠጋል። አንዱ ገመዱን ከለቀቀ ኮርማው የሚዞረው በሌላው ላይ ነው። ሽማግሌው ደግሞ አንዲት ሕግ ነበረችው፤ ዛሬ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ነገ ጠዋት ገመዱን አብረው ይይዛሉ። አስታራቂ የለም፣ ጉንጭ መሳሳም የለም። ገመዱን ይዘው ከነሕይወታቸው ከወጡ ታረቁ ማለት ነው።

ጉልቤ ቦታውን ወደደው። ምሳ ሰዓት በተገለበጠ ሳጥን ዙሪያ ዳቦ ሲቆርሱ ይተርቡታል። «ያን ለት በበር ስትገባ እኮ በሬ መስለኸን ገመድ አንስተን ነበር» ይሉታል። ሌላ ቦታ ቢሆን ቡጢ ነበር መልሱ። እዚህ ግን ሳቀ። በሕይወቱ አንድ ነገር ለምኖ አያውቅም፤ አሁን እዚህ ቦታ እንዲያስቀሩት በልቡ ይለምን ጀመር።

ምን ዋጋ አለው! አንድ ቀን ቆዳ ገፋፊው ዝምተኛው፣ በወር አንዴ የሚናገር ሰው፣ የተናገረባት ቀን ክፉ ሆነችበት። «እህቱ ናት አሉ እስካሁን የምታበላው» አለ። ሁሉም ሳቁ። የጉልቤ ደም ፈላ። የዝምተኛውን ማጅራት ጨብጦ ፊቱን ከሥጋ መስቀያው ብረት ጋር አጋጨው፤ ሁለት ጥርሱ መሬት ወደቀ። ደግሞ ሊያጋጨው ሲል ጎትተው አላቀቁት።

«ነገ ገመድ» አለ ሽማግሌው፣ ካራውን ከሞረዱ ላይ ሳያነሳ።

ጉልቤ ማግስቱ እስኪደርስ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ገመዱን ይለቅብኛል። ጥርሱን ያረገፍኩት ሰው ለምን ብሎ ይይዝልኛል? እኔስ ብሆን እይዝ ነበር? ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ጠዋት የመጣው ኮርማ ጥቁር፣ ሰፊ ግንባር ያለው ነበር። ዝምተኛው ከንፈሩ አብጦ ገመዱን ያዘ። ጉልቤ ዓይኑን ከኮርማው ላይ አንስቶ የዝምተኛውን እጅ ማየት ጀመረ። ኮርማው ራሱን ወዘወዘ። የዝምተኛው እጅ ተንቀሳቀሰ። ለቀቀ! ብሎ ጉልቤ ቀድሞ ለቀቀ።

ዝምተኛው አልለቀቀም ነበር። እንዳያመልጠው ብሎ ገመዱን በእጁ አንጓ ላይ አንድ ዙር መጠምጠሙ ነበር። ስለዚህ መሸሽ እንኳ አልቻለም። ኮርማው ቀንዱን ዝምተኛው ጭን ላይ ሰክቶ አነሳው፣ ከግድግዳው ጋር አላተመው፣ በገመዱ እየጎተተ ወለሉን አስጠረገው። ሽማግሌው በጎን ዘሎ ካራውን ኮርማው አንገት ላይ ባይሰካ ኖሮ ዝምተኛው የሚቀበር ሬሳ ነበር። የሰውና የከብት ደም ተቀላቅሎ ወደ ቦዩ ወረደ።

«ምቱኝ» አለ ጉልቤ። ማንም አልመታውም። በር ነቅለው ዝምተኛውን በላዩ አስተኝተው ወደ ሐኪም ቤት ሮጡ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልቤ ልብሱን አልሸከፈም። በማግስቱ መጣ፣ በሚቀጥለውም መጣ። ዳቦውን ያቀብሉታል፤ የሚተርበው ግን ጠፋ። ባልዲ በእርግጫ ሲመታ ሌላው ያነሳል። ሲሳደብ መንገድ ይለቁለታል። አንድ ቀን አላስችል ቢለው አጠገቡ ካራ የሚስለውን ሰው በጥፊ አጮለው። ሰውየው ጉንጩን ጠርጎ መሳሉን ቀጠለ።

«ምታኝ እንጂ! ወንድ አይደለህም?»

«አልጣላህም» አለው ሰውየው በቀስታ። «ዛሬ ከተጣላሁህ ነገ ገመዱን ካንተ ጋር ልይዝ ነው። ልጆች አሉኝ።»

ከቀመሳቸው ቡጢዎች ሁሉ ያቺ ቃል ነች ጉልቤን የጣለችው። ከዚያ በኋላ እጁን በማንም ላይ አላነሳም። ወለል ያጥባል፣ ቆዳ ይሸከማል፣ አንገቱን ደፍቶ ይውላል።

ቁስሉ ሲደርቅ ዝምተኛው እያነከሰ መጣ። ለማንም ሰላም ሳይል በቀጥታ ወደ ጉልቤ ሄደና በቡጢ አፉን አለው። ደገመው። ጉልቤ ተንበረከከ፤ እጁን ግን አላነሳም። ዝምተኛው በደህናው እግሩ ሊረግጠው ሲል የቆሰለው እግሩ አልችል ብሎት ራሱ ወደቀ፤ ወድቆም የጉልቤን ፀጉር ይዞ ግንባሩን ከሲሚንቶው ጋር አጋጨው። ሰዉ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያያል፤ የሚገላግል የለም።

ሽማግሌው ብቅ አለ። «ምንድን ነው? ተጣላችሁ?» አለ።

ሁሉም ዝምተኛውን አዩት። ጉልቤም በደም በተሸፈነ ዓይኑ አየው፤ «አልተጣላንም» ይል ይሆን ብሎ፣ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ዝምተኛው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ አለከለከ።

«አዎ ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «ተጣልተናል።»

ጉልቤ ወለሉ ላይ እንደተዘረጋ አለቀሰ።

«ነገ እንዳታረፍድ» አለው ዝምተኛው።

«አላረፍድም» አለ ጉልቤ።