ታላቅ ላይ እጅ ማንሳት

ልጄ የጁጂትሱ ትግል የምትማርበት አዳራሽ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ ነው። ሳምንት በሳምንት አብሬያት ሄጄ ከግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። እህቴ ትስቅብኛለች። “የምትሰለጥነው እሷ ናት ወይስ አንቺ?” ትለኛለች። ቤት ብቀመጥስ ምን እሠራለሁ? ሰዓት ሳይ ልውል ነው።

የፈቀድኩላት በፍርሃት ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ የሚዘጉባት ጎረምሶች ነበሩ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ራሷን መከላከል ትማር ብዬ ላክኋት፤ ከዚያ ደግሞ የምትማርበትን ቦታ መፍራት ጀመርኩ።

ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደንብ ከሰልጣኞቹ ሁሉ በላይ ያነበብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ጥፍር ይቆረጥ። ጌጥ ይውለቅ። በጫማ ፍራሹ ላይ አይወጣም። ጭርት ያለበት እስኪድን ቤቱ ይቆይ። ሲያምህ የያዘህን ሰው በእጅህ ሁለቴ መታ አድርግ፤ የተመታም ወዲያው ይልቀቅ። ጥፍሯን ሥጋዋ እስኪነካ ቆረጥኩላት። የጆሮ ጌጧን አውልቄ መሀረብ ውስጥ ቋጠርኩ። የመጨረሻውን ግን አንብቤ አለፍኩት።

በመጀመሪያው ቀን እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ጥጥና እንዝርት ይዤ ሄጄ ነበር። አሰልጣኙ ገና ሲያየኝ መጣ።

“እናት፣ ይሄ ከፍራሹ ይራቅ። ልጅ ቢወድቅበት ዓይን ያጠፋል።”

አፈርኩ። ለሁሉም ነገር የምፈራው እኔ፣ አዳራሹ ውስጥ ሹል ነገር ያመጣሁትም እኔ። ከዚያ ወዲህ እጄ የሻሼን ጫፍ ሲጠቀልልና ሲፈታ ይውላል።

በር ላይ ስንለያይ ሁልጊዜ የምላት አንድ ነገር ነበር። “ታላቆችሽን አክብሪ። እጅሽን እንዳታነሺባቸው።” እኔ ያደግኩት ጨንቻ ነው። እዚያ ታላቅ ላይ እጅ ማንሳት ጎሜ ነው። ነውር ብቻ ቢሆን ይቅርታ ተጠይቆ ያልቃል፤ ጎሜ ግን መዘዙ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ከብቱን ይነካል፣ ልጁን ያሳምማል ይሉ ነበር። ዛሬ የጸሎት ቤት ሰው ነኝ፣ ጎሜን አልፈራም እላለሁ። ልጄን ያሳደግኳት ግን በዚያው ፍርሃት ነው።

አንድ ቅዳሜ አሰልጣኙ ልጄን ከአንዲት ሴት ጋር አጣመራት። በሌላ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ፣ የእኔ እኩያ መምህርት ናቸው። ሰልጣኙ ሁሉ “ቲቸር” ነው የሚላቸው። እሳቸው የልጄን ክንድ በጭናቸው መሃል ይዘው፣ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ዘረጉት። ልጄ ከንፈሯን ነከሰች። ነፃ የሆነው እጇ ተነሳ፣ ወደ መምህርቷ እግር ሄደ፣ አየር ላይ ቆመ፣ ተጨበጠ። አየሁት። ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

“ወይኔ!” ስትል ከወንበሬ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም።

“እናት፣ ጫማ!” አለ አሰልጣኙ። ከነጫማዬ ፍራሹ መሃል ቆሜያለሁ።

መምህርቷ ክንዷን ለቀው በርከክ ብለዋል። “ለምን አልመታሽኝም? ለምን ዝም አልሽ?”

“እንዴት አድርጌ ቲቸርን ልምታ?” አለች ልጄ እያለቀሰች።

“እኔንማ ባለፈው ሳምንት እንደ ከበሮ ነው የደበደበችኝ!” አለች አንዷ እኩያዋ። ሳቁ። አሰልጣኙ አልሳቀም።

“ታላቅ አይመታም ያለሽ ማነው?”

ልጄ እኔን ላለማየት አንገቷን ደፋች።

“እኔ ነኝ” አልኩ።

የሰፈራችን ወጌሻ ክርኗን አሽቶ “አልተሰበረም፣ ተወጥሮ ነው። ሁለት ሳምንት ታሳርፈው” አለን። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ጠዋት አስቀራታለሁ እላለሁ፤ ከሰዓት ጎረምሶቹ ትዝ ይሉኛል። እሷ ልሂድ አላለችም፣ ልቅርም አላለችም። ነጩን ልብሷን አጥባ ሽቦው ላይ አሰጣችው፤ ደርቆም ሳታስገባው ሰነበተች።

መምህርቷ ሊጠይቋት ቤት መጡ። ሻይም አልጠጡም።

“እህቴ፣ እኔም ጥፋት አለብኝ፤ ፊቷን ማየት ነበረብኝ” አሉኝ። “ግን ካልመታችኝ እንዳመማት በምን አውቃለሁ? ዝም ስትል ልጅ ጎጂ አደረገችኝ።”

ከሄዱ በኋላ ንግግራቸው አልለቀቀኝም። ታላቅም ታናሽን ቢጎዳ ጎሜ ነው፤ እሱን ለልጄ ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ክርኗ ሲሻላት ፍራሻችንን ከአልጋው አውርጄ መሬት ላይ ዘረጋሁ። ደህነኛውን ክንዷን፣ ቁጭ ብዬ እንዳየሁት አድርጌ፣ ያዝኩ።

“እኔም ታላቅሽ ነኝ። ምቺኝ።”

“እማዬ፣ አንቺንማ አልችልም።”

“ምቺ አልኩሽ!”

በጣቷ ጫፍ ትከሻዬን ነካች።

“ዝንብ ነው የምታባርሪው? ድገሚ!”

ሁለተኛው ተሰማኝ። ለቀቅኳት። ስንቴ እንደደገምነው እንጃ፤ በመጨረሻ እየሳቀች ነበር የምትመታኝ።

በተመለሰች ቀን መምህርቷ ራሳቸው ጠሯት። በር ላይ ምንም አላልኳትም። ያንኑ ተጎድቶ የነበረውን ክንዷን ያዙ፣ ቀስ ብለው ዘረጉ፤ በዚህ ጊዜ ዓይናቸው ከፊቷ አልተነቀለም። ነፃ የሆነው እጇ ተነሳ። አየር ላይ ቆመ።

ከዚያ ጭናቸውን ሁለቴ መታች፤ ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማ። መምህርቷ ወዲያው ለቀቁ። “ጎበዝ!” አሉና ክንዷን ዳበሱላት።

እኔ ግን አግዳሚውን የጨበጠ እጄን ቶሎ መልቀቅ አልቻልኩም።