የጎረቤታችን የውሃ ጎማ

ሞንትቤሎ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ጋራዡ ጥግ ላይ አንድ አረንጓዴ የውሃ ጎማ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በቀደም ዕቃ ስፈልግ የሞቀ የጎማ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ፣ ማንም ሳያየኝ ፊቴ ጋለ። ይኸው ትልቅ ሴት ሆኜም ያ ምሽት ያሳፍረኛል።

ጎማው የጎረቤታችን ነበር። ሰውየው ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው። ከሰፈሩ ፈረንጆች አባቴን በስሙ የሚጠራው እሱ ብቻ ነበር፤ ሣር ማጨድም ያስተማረው እሱ ነው።

የኢትዮጵያ ሚሊኒየም ሲገባ አባቴ ግቢያችን ውስጥ ርችት ካልተኮስኩ ብሎ ድርቅ አለ። እናቴ "ቤቱን ልታነደው ነው እንዴ?" ብትለው የሚሰማ አልሆነም። አጎቴ ርችት እንደልብ ወደሚሸጥበት ጎረቤት ስቴት፣ ዋዮሚንግ ድረስ ነድቶ አንድ ካርቶን ሙሉ ርችት አመጣ። የትኛው ቀድሞ እንደሚተኮስ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ደርድረው ተከራከሩ፤ እኔም ቀዩ መጨረሻ ይሁን ብዬ አሸነፍኩ። አባቴ ለጥንቃቄ ብሎ ጎማውን ከጎረቤታችን ተዋሰ። በተሰባበረ እንግሊዝኛው "ማክሰኞ ማታ ፓርቲ አለን፣ ና" አለው። ሰውየው "ማክሰኞ አልችልም" ብሎ፣ ሌላ ሳይጨምር ጎማውን ሰጠው።

የጳጉሜ ስድስት ዕለት ለዝግጅቱ ብለው ከትምህርት ቤት አስቀሩኝ። አመሻሽ ላይ ኦሮራ ከተማ ያሉት ዘመዶቻችን መጡና ግቢው በነጭ ልብስ ሞላ። አባቴ የመጀመሪያውን ርችት ለኮሰ። ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ የባሩዱ ሽታ ከጥብሱ ሽታ ጋር ተቀላቀለ።

ሁለተኛው እንደፈነዳ ጎረቤታችን አጥሩ ጋ ቆሞ አየሁት። የድሮ ዩኒፎርሙን ለብሷል፣ ኮፍያውን በእጁ ይዟል። አባቴ ፊቱ በርቶ "ሃፒ ኒው ይር" አለው።

"ቱዴይ?" አለ ሰውየው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ዞሮ ገባና መጋረጃውን ዘጋ።

ግራ ገብቶን እንደቆምን ሆስፒታል የምትሠራው አክስቴ ከሥራ ደረሰች። መኪናዋን ፓርክ እንዳደረገች "ምን ነካችሁ? ዛሬ እኮ ሴፕቴምበር ኢለቨን ነው" አለች። "እነዚያ ሕንፃዎች የፈረሱበት ቀን። ስንት የእሳት አደጋ ሰው ነው ያለቀው።"

ሳምንቱን ሙሉ ጳጉሜ አንድ፣ ጳጉሜ ሁለት ስንል ከርመን፣ ሁለቱ ቀኖች መግጠማቸው ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። የሰውየውን ባንዲራ ግማሽ ድረስ ወርዶ ጠዋት አይቼዋለሁ፤ ገመዱ የላላ ነበር የመሰለኝ። አባቴ የቀረውን ርችት ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረው። እንግዶቹም አፍረው ጥብሱን ይዘው ወደ ቤት ገቡ።

በበዓሉ ጠዋት አባቴ ጎማውን ጠቅልሎ፣ እኔን አስተርጓሚ አድርጎ በሩን አንኳኳ። "አላወቅንም በይው። አንገቴን ደፍቻለሁ በይው" አለኝ። እኔ ግን ቃሉ ጠፍቶኝ "ሶሪ ይላል" ብቻ አልኩ።

ሰውየው "ጎማውን ያዙት" ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋ። ይቅርታ ይሁን፣ ከእናንተ ምንም አልፈልግም ማለቱ ይሁን አልለየልንም። ከዚያ ወዲያ አባቴ በዚያ ደጅ የሚያልፈው አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሰውየው ታመመና ሣሩ መድረቅ ጀመረ። አባቴ ማንም ሳይጠይቀው፣ ከሥራ ሲመለስ በዚያው ጎማ የሰውየውን ሣር ያጠጣ ነበር። አንድ ቀን መጋረጃው ተከፍቶ ሰውየው እጁን ሲያነሳ አየሁ።

"አባዬ፣ ሰላም እያለህ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለኝ። ቀና ግን አላለም፤ ሣሩን ማጠጣቱን ቀጠለ።