የአጥራችን ኖራና የአባቴ ንቦች

ዛሬ ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ከአንድ ባለሱቅ ጋር ለመደባደብ ትንሽ ነው የቀረኝ!

ለረጅሙ የእንጨት አጥሬ የቀለም መርጫ ልመርጥ ገባሁ። ሰውየው በጀርባ የሚታዘል፣ ያገለገለ የፀረ ተባይ መርጫ አውጥቶ «ይቺ ትበቃዎታለች፤ በውሃ ለቅለቅ ማድረግ ነው» አይለኝም!

ይቺን «ለቅለቅ» አውቃታለሁ።

በደርግ ጊዜ ትልቅ ባለሥልጣን ይመጣል ተብሎ የመንገድ ዳር አጥር ሁሉ ኖራ ይቀባ ተባለ። (ያኔ አጥሩም አብዮተኛ መሆን ነበረበት።)

የቀበሌያችን ሊቀመንበር የተምች መድኃኒት ሲረጭበት የከረመውን መርጫ አሸክሞ መጣ።

አባቴ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ቀፎዎቼ አጥሩ ሥር ናቸው፤ እኔው በብሩሽ ልቀባው» ብለው ለመኑት።

«ለቅለቅ ተደርጓል! አብዮቱን አታደናቅፍ!» አላቸው። ሽማግሌውን አባቴን፣ አንተ ብሎ!

አጥሩን በዚያው መርጫ አስረጨው። ሲነጋ ንቦቹን በየቀፎው አፍ ሥር ሞተው እንደ ተልባ ተበትነው አገኘናቸው።

ባለሥልጣኑ? በሄሊኮፕተር መጥቶ በሄሊኮፕተር ሄደ።

ዛሬ ብሩሽ ገዝቼ ወጣሁ። ክንዴ ይዛል እንጂ ከአጥሬ ማዶ ያለውን የጎረቤቴን ንብ አልፈጅም።

እናንተስ፣ በደጃችሁ ላላለፈ እንግዳ ምን ቀባችሁ? ምንስ ሞተባችሁ?