ሐይቅ ውስጥ የነከርሁት ፎርማ

ባለፈው እሑድ ሐይቁ ዳር ሠርግ ተጠርቼ፣ የቪዲዮው ድሮን ከራሳችን በላይ ሲያንዣብብ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ «እትዬ፣ አይፍሩ፤ አይነካዎትም» አለኝ። እኔን! ደሜ ፈላ። እርሱ ሳይወለድ እኔ በእጄ የሠራኋትን አውሮፕላን በዚሁ ሰማይ ላይ አብርሬአለሁ።

ያኔ ሐይቁ ዳር በነበረ የጀልባ ወርክሾፕ የመቀመጫ ሽፋን እሰፋ ነበር። ኮሌጅ የሚያስተምረው ታላቅ ወንድሜ ደረጀ፣ ሞተር የሌላት፣ በነፋስ የምትንሳፈፍ፣ ከመሬት በሬዲዮ የምትመራ ትንሽ አውሮፕላን ነበረችው። የእንጨት ገላዋ ባረፈች ቁጥር ይሰበራል። እርሱ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሊዛወር ነው፤ ሬዲዮውም አብሮት ይሄዳል። አንድ ቀን እንኳ ሳላበርራት ልትሄድብኝ? በቀላሉ የማይሰበረው የጀልባ ፋይበርግላስ አጠገቤ ተቆልሎ እያለ!

የወርክሾፑ አለቃ ጋሼ አበረ «ፋይበር የወንድ ሥራ ነው፤ ያሳክካል» አሉኝ።

«እታከካለኋ!» አልኋቸው።

ሳቁና ቁርጥራጩን ፈቀዱልኝ። «እስከ ሆሣዕና ካልሆነልሽ ግን ጠረጴዛዬን ትለቂያለሽ።»

ገላዋን ከዋንዛ እንጨት ቀርጬ፣ በእርሱ ላይ ለሁለት የተከፈለ የቅርጽ ማውጫ ፎርማ አወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ፎርማው ውስጥ የፋይበሩን ጨርቅ አንጥፎ ሬዚን የሚባለውን ሙጫ መቀባት፣ ሲደርቅ መፈልቀቅ ነው። እንዳይጣበቅ ብዬ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን የጧፍ ሰም ቀባሁት፤ ከእርሱ የጠራ ሰም ከየት ይመጣል? በመጋቢት ሙቀት ላይ ሬዚኑ እየደረቀ ሲግል ሰሙ ቀለጠና ፋይበሩ ተጣበቀ። ሁለቴ ሠራሁ፤ ሁለቴም ተሰባብሮ ወጣ። ክንዴ እስከ ክርኔ ቀልቶ ነበር።

ጾም ነውና ቤታችን ተልባ አይጠፋም። አንድ ቀን ትሪ ላይ የፈሰሰው የተልባ ውሃ ደርቆ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲላጥ አየሁ፤ ውሃ ሲነካው ደግሞ ይሟሟል። ወዲያው ተልባ ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ፣ በሰሙ ላይ በብሩሽ ቀባሁ።

ጋሼ አበረ አዩኝና «ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ!» አሉ። ወርክሾፑ በሳቅ ፈረሰ።

«ቆይ፣ እንተያያለን» አልሁ።

ለሦስተኛ ጊዜ ያነጠፍሁት ፋይበር ደርቆ፣ የሆሣዕና ዋዜማ ብንጎትተው፣ ብንፈለቅቀው፣ ወይ ፍንክች! ጋሼ አበረ መዶሻ አነሡ። «ይብቃሽ፣ ልጄ። ይሰበርና ተገላገዪው።»

«አይነኩትም!» ፎርማውን አቅፌ ሮጥሁና ከነቀሚሴ ሐይቁ ውስጥ እስከ ወገቤ ገባሁ። «አበደች!» ሲሉ ይሰማኛል። ነክሬው ቆምሁ። ከጠርዙ አረፋ መውጣት ጀመረ፤ የሟሟው ተልባ ጣቶቼን ያሟልጫቸዋል። ጠቅ አለና ግማሹ ገላ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሙሉ ሆኖ ወጣ። ሌላውም ተከተለ። ብቻዬን እልል አልሁ። ወንዶቹ ደረቅ መሬት ላይ ቆመው ያዩኛል።

እኔና ደረጀ ሁለቱን ግማሾች አጣብቀን፣ የድሮ ክንፏን ገጥመን፣ በፋሲካ ማግሥት ቤዛዊት ኮረብታ ወጣን። ጋሼ አበረም ሳይጠሩ መጡ። ደረጀ «መጀመሪያ እኔ ልሞክራትና...» ሲል ሬዲዮውን ከእጁ ወሰድሁት።

«አንተ ወርውር።»

ወረወራት። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ አነሣት፤ ወደ ዓባይ ሄደች፤ መለስኋት።

«እርሷ ናት የምትነዳው?» አሉ ጋሼ አበረ፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው።

«እኔ ነኝ!» አልሁ፣ ዓይኔን ከሰማይ ሳልነቅል።

ሬዲዮው ከወንድሜ ጋር ሄደ፤ እኔም ወደ ስፌቱ አልተመለስሁም፣ ጀልባ ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አሁን ጉልበቴን ያመኛል፤ ልጆቼም «እማዬ፣ በቃ አርፈሽ ተቀመጪ» ይሉኛል። ዕድሜዬን ሙሉ አይሆንልሽም ከተባልሁት ውስጥ ገና ያልሞከርሁት ብዙ አለ። ለመቀመጥ ጊዜ የለኝም።